ሒሳቡ ይነበብ፦ የጠበቃ አበል ክርክር ታሪክ

የእንግሊዝ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1729 ስለ ጠበቆች ባወጣው ሕግ ውስጥ ለዛሬ አንባቢ እንግዳ የሚመስል ትእዛዝ ይገኛል። ጠበቃው አበሉን ለማስከፈል ክስ ከመመሥረቱ በፊት የሒሳብ ዝርዝሩን ለደንበኛው በጽሑፍ ያስረክብ፤ ጽሑፉም ማንም በሚያነበው በተለመደ የእጅ ጽሕፈት፣ በእንግሊዝኛ ቋንቋ፣ ቃላቱ ሳያጥሩ ተሟልተው ይጻፉ፤ ጠበቃውም ይፈርምበት ይላል። ከዚህ ግዴታ ነጻ የተደረጉት የሕግ ቃላትና የመጥሪያ ስሞች፣ ከዚያም ቀኖችና የገንዘብ መጠኖች ብቻ ናቸው። አንድ የሕዝብ ምክር ቤት እስከ ሰው እጅ ጽሕፈት ድረስ ወርዶ ሕግ የሚያወጣው ችግሩ ራሱ እዚያ ድረስ ወርዶ ሲያገኘው ነው። ያላነበበውን ሒሳብ የተቀበለ ደንበኛ ወይ ሳይገባው ይከፍላል፣ ወይ ሳይገባው ይጣላል። ጠበቃና ደንበኛ በአበል መጣላታቸው ሙያው ከተጀመረ አንስቶ የኖረ ነገር ነው፤ ለዚህ ጠብም ሰዎች ብዙ መድኃኒት ሞክረዋል። ክፍያን ከልክለዋል፣ ጣሪያ አበጅተውለታል፣ ነገሩን ሁሉ ለጠበቃው ክብርና ለደንበኛው ምስጋና ትተውታል። እኔ እንደማየው ከነዚህ ሁሉ ጠቡን በእርግጥ ያበረደው ያ ደረቅ የሚመስለው የ1729 መንገድ ነው፦ አበል እንደማንኛውም ዕዳ ይቆጠር፣ ዝርዝሩ ይነበብ፣ ከሁለቱ ወገን ያልሆነ ሰው መስመር በመስመር ይየው። ሌሎቹ መንገዶች የት ላይ እንደተሰናከሉ ማየት ይህ መንገድ ምን እንደጨመረ ያሳያል። (ከዚህ በታች ስለ ውጭ አገር የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቀድሞ የተሞከረው ክልከላ ነው። በሮም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ204 የወጣው የኪንኪያ ሕግ ማንም ሰው ለሌላው በመሟገቱ ገንዘብም ሆነ ስጦታ እንዳይቀበል አገደ። ጨዋ ሰው ለወዳጁና ለተጠጋው በችሎት ሲቆም ውለታ ይውላል እንጂ ንግግሩን አይሸጥም የሚል እምነት ከበስተጀርባው ነበር። ሕጉ ግን ገንዘቡን አላጠፋውም፤ ከዓይን አራቀው እንጂ። ታሪክ ጸሐፊው ታሲተስ እንደሚነግረን በንጉሠ ነገሥት ክላውዲየስ ዘመን ሳሚየስ የተባለ ታዋቂ ሮማዊ ለተሟጋቹ ለሱዊሊየስ ሰስተርስ በሚባለው የሮም ገንዘብ 400,000 ከፈለ። ኋላ ጠበቃው ከተቃራኒው ወገን ጋር መመሳጠሩን ሲያውቅ በዚያው በጠበቃው ቤት ውስጥ በገዛ ሰይፉ ላይ ወድቆ ሞተ። ያን የሚያህል ገንዘብ የተላለፈው ለመሟገት መክፈል በሕግ ክልክል በነበረበት ከተማ ነው። ነገሩ በ47 ዓ.ም. ለሴኔት ቀረበ። ለቆንስልነት የታጨው ሲሊየስ የቀድሞው ሕግ በሙሉ ኃይሉ እንዲመለስ ጠየቀ፤ ተሟጋቾቹ ደግሞ ወታደር ደመወዝ አለው፣ ገበሬ ምርት አለው፣ የሰውን ነገር ስንሸከም የራሳችን ጉዳይ ይጎዳል ብለው መለሱ። ክላውዲየስ መሐል ገብቶ 10,000 ሰስተርስ ጣሪያ ይሁን፣ ከዚያ በላይ የተቀበለ በዘረፋ ይጠየቅ ሲል ወሰነ። በዚህ ውሳኔ የጠበቃ ክፍያ ለመጀመሪያ ጊዜ በብርሃን ወጣ።

ጣሪያ ግን ለትንሹም ለትልቁም ነገር አንድ ነው። አንድ ቀን ብቻ የወሰደ ሙግትና ዓመታት የፈጀ ሙግት በአንድ ቁጥር ሊለኩ አይችሉም። ስለዚህ በ3ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የኖረው የሕግ ሊቅ ኡልፒያን አበል ላይ ክርክር የቀረበለት ዳኛ ምን ምን እንዲመዝን ዘረዘረ፦ የነገሩን ክብደት፣ የተሟጋቹን የንግግር ችሎታ፣ የአካባቢውን ልማድ፣ ጉዳዩ የሚታይበትን ችሎት ደረጃ፤ ይህም ሆኖ ለአንድ ጉዳይ ከ100 የወርቅ ዲናር እንዳያልፍ። እዚህ ላይ ትልቅ እርምጃ አለ። ጠበቃውም ደንበኛውም ያልሆነ ሰው፣ ማለትም ዳኛው፣ የድካሙን ዋጋ እንዲተምን ሥልጣን ተሰጠው። የጎደለው ምን ነበር? ዳኛው የሚተምነው ከምን ላይ ተነሥቶ እንደሆነ የሚያሳይ ወረቀት ነው። ክብደት፣ ችሎታና ልማድ የሚመዘኑት በዳኛው ግምት ነው፤ የተሠራው ሥራ ራሱ በዝርዝር ፊቱ አልቀረበም። ይህ ጉድለት እስኪሞላ ከ1,000 ዓመት በላይ ፈጀ፤ የተሞላውም በሌላ አገር ነው።

በ16ኛው መቶ ዓመት በለንደን የሙግት ወጪ የሚሰላው በአብዛኛው በወረቀት ርዝመት ነበር። ፎሊዮ የሚባል መለኪያ ነበራቸው፤ በኮመን ሎው ፍርድ ቤቶች 72 ቃል፣ በቻንስሪ ፍርድ ቤት 90 ቃል አንድ ፎሊዮ ይባላል። ጸሐፊው በፎሊዮ ይቀበላል፤ ለአንደኛው ወገን የተጻፈውን ሌላው ወገን ቅጂውን በገጽ ከፍሎ ይወስዳል። እንዲህ ባለ አሠራር ውስጥ አጭር የሚጽፍ ራሱን ይጎዳል፣ የሚያንዛዛ ይጠቀማል፣ ከዚያም አልፎ ባላጋራውን በወጪ ያደክማል። በ1596 ሚልዋርድ በዌልደን ላይ ባቀረበው ክስ የከሳሹ ልጅ ሪቻርድ ሚልዋርድ 16 ወረቀት የሚበቃውን የመልስ መልስ በ120 ወረቀት ጽፎ አቀረበ። የንግሥቲቱ ማኅተም ጠባቂ የነበረው ቶማስ ኤገርተን ነገሩ የተደረገው ሆን ተብሎ ተከሳሹን በወጪ ለመጉዳት እንደሆነ ስላመነ የሰጠው ትእዛዝ እስከ ዛሬ ይወሳል። የፍሊት ወህኒ ቤት አዛዥ ሰውየውን ወደ ዌስትሚንስተር አዳራሽ ያምጣው፤ የወረቀቱን ክምር መሐሉን ይቅደደው፤ የሰውየውን ራስ በቀዳዳው አውጥቶ የተጻፈበት ገጽ ወደ ውጭ ሆኖ በትከሻው ላይ ይንጠልጠል፤ ከዚያም ባርኔጣው ወልቆ፣ ዳኞች በተቀመጡባቸው ችሎቶች ሁሉ ፊት ይዙር። በዚህ ላይ 10 ፓውንድ ቅጣት ተጨመረ።

ትእዛዙ የዳኛውን ምሬት ያሳያል፤ መድኃኒት ግን አልነበረም። አንድ ሰው ማሳፈር ይቻላል፤ በገጽ የሚከፍለው ሥርዓት ግን በማግስቱም በገጽ ይከፍላል። ሕዝቡም ጠበቆችን ማማረሩን አልተወም። በ1605 በንጉሥ ጀምስ አንደኛ ዘመን ፓርላማው የጠበቆችን መብዛትና ጥፋት ለማረም ያለውን ሕግ ሲያወጣ ከሰውየው ወደ ወረቀቱ ዞረ። ጠበቃው ለሌላ የሕግ ባለሙያ ከፈልኩ የሚለውን ገንዘብ ተቀባዩ በፈረመበት ደረሰኝ ያረጋግጥ፤ ለደንበኛው ደግሞ ራሱ የፈረመበት እውነተኛ ሒሳብ ያቅርብ፤ ያልተገባ ገንዘብ የጠየቀ ወይም ነገሩን ሆን ብሎ ያጓተተ እንደሆነ ደንበኛው ወጪውንና የጉዳቱን ሦስት እጥፍ ይካስ ተባለ። ሦስት እጥፍ ካሣ ጠንካራ ይመስላል። ነገር ግን ካሣውን ለማግኘት ደንበኛው ጠበቃውን መክሰስ ነበረበት፤ ከአንድ ሙግት በወጪ ደቅቆ የወጣ ሰው በሕግ አዋቂ ላይ ሌላ ሙግት ይጀምር ማለት ነው። ለዚህ የሚሆን ጉልበትና ገንዘብ የነበረው ሰው ብዙ ሊሆን አይችልም።

የ1729ኙ ሕግ ብልህነት እዚህ ላይ ነው፤ ሸክሙን ገለበጠው። ሒሳቡን ካስረከበ አንድ ወር ሳይሞላ ጠበቃው ስለ አበሉ መክሰስ አይችልም። በዚያ ወር ውስጥ ደንበኛው አዲስ ክስ መክፈት አያስፈልገውም፤ የሚገባው ሆኖ የተገኘውን እከፍላለሁ ብሎ ሒሳቡ እንዲመረመርለት ፍርድ ቤቱን ማመልከት ብቻ ነው። ፍርድ ቤቱ ዝርዝሩን ለራሱ ሹም ይመራዋል። ሹሙ ሁለቱን ወገኖች ጠርቶ ወረቀቱን ከላይ ወደ ታች ያነባል፦ ይህን ቀን ደብዳቤ ለመጻፍ፣ ይህን ቀን ከደንበኛው ጋር ለመነጋገር፣ ይህን ቀን ከፍርድ ቤት ቀርቦ ለመዋል። ለዘመናት የጠበቃ ሥራ መለኪያ ሆኖ የኖረው 6 ሺሊንግ ከ8 ፔንስ በየመስመሩ ዳር ይታያል፤ ይህ የፓውንድ ሲሶ ነው። ያልተሠራው ወይም የማያስፈልገው ይሠረዛል፣ የተጋነነው ይቀነሳል፣ የቀረው ይደመራል። ቀጥሎ የሚመጣው ነጥብ ከሁሉ ይበልጣል። ከሒሳቡ አንድ ስድስተኛና ከዚያ በላይ ከተቀነሰ የምርመራውን ወጪ ጠበቃው ይከፍላል። 60 ፓውንድ የጠየቀ ጠበቃ ሒሳቡ ወደ 50 ከወረደ በራሱ ኪስ ተመርምሯል ማለት ነው። ያነሰ ከተቀነሰ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ወጪውን እንደ ሁኔታው ይወስናል። እንዲህ ያለ ደንብ ማንንም ሌባ ሳይል ሁለቱንም ወገን ቆም ብሎ እንዲያስብ ያደርጋል፤ ጠበቃው ከመጻፉ በፊት፣ ደንበኛው ከመጮሁ በፊት። ኋላ በ1842 ቻንስሪ ፍርድ ቤት ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሾሙ መርማሪዎች ተመደቡለት፣ በ1843ም ሶሊሲተር ስለሚባሉት ጠበቆች የወጣው ሕግ አሠራሩን አድሶ አጸናው። በ1974ኙ ሕግ አንድ ስድስተኛው ወደ አንድ አምስተኛ ተለወጠ እንጂ ሐሳቡ ዛሬም በሥራ ላይ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣ ከባድ ተቃውሞ አለ። ሥራን በመስመር መቁጠር የሚቆጠረውን ነገር ያበዛል ይባላል። ደብዳቤ የሚያስከፍል ከሆነ ደብዳቤ ይበዛል፤ በገጽ የሚከፈለው ጸሐፊ 120 ወረቀት እንደጻፈ፣ በቀጠሮ የሚከፈለውም ቀጠሮ ያበዛል። ይህ እውነት ነው፤ የ19ኛው መቶ ዓመት እንግሊዛውያን ራሳቸው ይህን እያዩ ያማርሩ ነበር። ነገር ግን ተቃውሞው የሚመታው የዋጋውን መለኪያ ነው፤ ዝርዝሩን መጻፍና በሦስተኛ ሰው ማስመርመርን አይነካም። ፓርላማውም ይህን ለይቶ አየ። በ1870 ጠበቃና ደንበኛ አስቀድመው በጽሑፍ በአበል እንዲስማሙ ፈቀደ፤ ስምምነቱ ግን ፍትሐዊ መሆኑን ፍርድ ቤት ሊመረምር ይችላል። በ1881 ደግሞ ለቤትና ለመሬት ሽያጭ ሥራ ክፍያው በወረቀቱ ርዝመት ሳይሆን በንብረቱ ዋጋ እንዲሰላ መንገድ ከፈተ። መለኪያው ሲለወጥ መርማሪው ከቦታው አልተነሣም። አስቀድሞ ቁርጥ ዋጋ መስማማት ብቻ ይበቃል የሚሉም አሉ፤ ይህ ሐሳብ ግን ደንበኛው ጠበቃ ቤት የሚደርስበትን ሁኔታ ይረሳል። ቤቱ ሊሸጥበት፣ ልጁ ሊታሰርበት፣ ርስቱ ሊወሰድበት የደረሰ ሰው እንደ ገበያተኛ አማርጦ አይዋዋልም። የተስማማበት ዋጋ ኋላ ሲታይ ከሥራው ጋር የማይመጣጠን ከሆነ የሚያይለት ሰው ያስፈልገዋል።

ይህ ሁሉ የነበረው ጉዳዩን ከሥር ለሚያዘጋጁት ለአተርኒዎችና ለሶሊሲተሮች ነው። በችሎት ቆመው የሚሟገቱት ባሪስተሮች ግን በሮም መንፈስ መኖራቸውን ቀጥለዋል። ባሪስተር የሚቀበለው የክብር ስጦታ ነው፤ ውል የለም፣ ዕዳ የለም፣ ሊከስም አይችልም ይባል ነበር። አንድ አገር፣ አንድ ዘመን፣ አንድ ሙያ ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ደንብ ሲተዳደር ማየት ለታሪክ ተመልካች እምብዛም የማይገኝ ዕድል ነው፤ የትኛው ደንብ እንደሚሻል ጎን ለጎን ይታያል። የክብሩ መንገድ ምን እንደሚያስከትል ከሁሉ የሚያሳየው ደግሞ የፔሸንስ ስዊንፈን ጉዳይ ነው።

ፔሸንስ ስዊንፈን ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። በ1854 የሞተው አማቷ በስታፈርድሺር ያለውን ሰፊ ርስት በኑዛዜ ተወላት፤ ከባሏ ወገን የሆነ ወራሽ ኑዛዜው አይጸናም ብሎ ተነሣ። በ1856 ነገሩ በስታፈርድ ችሎት ሲሰማ ጠበቃዋ ሰር ፍሬድሪክ ቴሲጀር እሷ ሳትስማማ ርስቱን ለባላጋራዋ ለቅቆ በዓመት 1,000 ፓውንድ ጡረታ እንድታገኝ ተስማማ። አልቀበልም አለች። በአንድ ትልቅ ሰው ፊት ብቻዋን የቆመችውን ሴት ቻርልስ ራን ኬኔዲ የተባለ ባሪስተር ያዛት፤ የዴሞስቴንስን ንግግሮች ከግሪክ የተረጎመ የተማረ ሰው ነበር። ለዓመታት ሌላ ሥራውን ትቶ በዚህ ነገር ላይ ዋለ፣ ስምምነቱ እንዳያስገድዳት ተከራከረ፣ በ1858 ጁሪው (ከሕዝብ የተውጣጣው የፍርድ ሸንጎ) ኑዛዜው የጸና ነው አለ፤ ርስቱን አገኘች። ለድካሙም 20,000 ፓውንድ እንደምትከፍለው ቃል ገባች። ከዚያ በ1861 ብራውን የተባለ ሰው አገባችና ገንዘቡን ሳትከፍል ቀረች። ኬኔዲ ከሰሰ። በ1862 ጁሪው 20,000 ፓውንዱ ይከፈለው አለ። በ1863 ግን የኮመን ፕሊስ ፍርድ ቤት በዋና ዳኛው በኧርል አማካይነት ያን ገለበጠው፦ ደንበኛ ለባሪስተር ስለ ሙግት አገልግሎቱ የሚገባው የገንዘብ ቃል ከሙግቱ በፊትም ይሁን በመካከል ወይም በኋላ በሕግ አያስገድድም። ኬኔዲ ምንም ሳያገኝ ከ4 ዓመት በኋላ ሞተ።

ፍርዱን የሚደግፉ ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት ቀላል አይደለም። ተሟጋች የደንበኛው አገልጋይ ብቻ ሳይሆን የችሎቱም አጋዥ ነው፤ አበሉ በነገሩ ውጤትና በሰውየው ሀብት የሚመዘን ዕዳ ከሆነ ልቡ ከእውነት ይልቅ ወደ ገንዘቡ ያዘነብላል። ደግሞም ጭንቅ ውስጥ ያለችን ሴት 20,000 ፓውንድ የሚያህል ቃል ማስገባት ራሱ የሚመረመር ነገር ነው። እኔም በዚህኛው እስማማለሁ፤ ገንዘቡ ለዘመኑ እጅግ ብዙ ነበር። ግን ልብ እንበል። ፍርድ ቤቱ ገንዘቡ በዝቷል ብሎ ወደ ተገቢው መጠን አላወረደውም፤ የሚያወርድበት መንገድም አልነበረውም። ክብር እንጂ ዕዳ አይደለም ካልን በኋላ ምርጫው ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ሁሉንም ወይ ምንም። ሶሊሲተር ቢሆን ኖሮ ሹም ፊት ይቀርብ፣ የስንት ዓመት ሥራ እንደሆነ ይቆጠር፣ ከ20,000 ተቀንሶ የሚገባው ይሰጠው ነበር። በዚያው ደንብ ደንበኛውም አልተጠበቀም። ባሪስተሩ ገንዘብ ተቀብሎ ችሎት ሳይቀርብ ቢቀር፣ ውል ስለሌለ ክፍያውን መልስ ብሎ መክሰስ አይቻልም ነበር። ቴሲጀርን ስላስማማባት ስምምነት የከሰሰችው ፔሸንስ ስዊንፈን ራሷ ተረትታለች። ክብር የሚባለው ግድግዳ ሁለቱንም ወገን ከፍትሕ ደጅ አራቀ። እንግሊዝ ይህን ግድግዳ በሕግ ያፈረሰችው በ1990 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ባሪስተር ስለ አበሉ ሊዋዋል ይችላል።

ከአትላንቲክ ማዶ ነገሩ በሌላ መልክ ሄደ። በአሜሪካ ሙያው ለሁለት ስላልተከፈለ አበል በአብዛኛው ተራ ዕዳ ሆኖ ታየ። የዚህ ምስክር የምናውቀው ሰው ነው። አብርሃም ሊንከን ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት የኢሊኖይ ሴንትራል ባቡር ኩባንያ ጠበቃ ሆኖ የማክሊን አውራጃ በኩባንያው ላይ የጣለውን ግብር ተከራክሮ በግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1856 አስሰረዘ። ለዚህ 5,000 ዶላር ጠየቀ፤ ኩባንያው አልከፈለም። ሊንከን ከሰሰ። ሌሎች ስመ ጥር ጠበቆች ለእንዲህ ያለ ነገር ይህ ዋጋ የተገባ ነው ብለው በጽሑፍ ቃላቸውን ሰጡ፤ በ1857 ፍርድ ቤቱ 5,000 ዶላሩን ፈረደለት፣ አስቀድሞ የተቀበለው 200 ዶላር ተቀንሶ 4,800 ሆነ። ከዚያ በኋላም ኩባንያው ለሌሎች ጉዳዮች ሊንከንን መቅጠሩን አልተወም። ኬኔዲና ሊንከን በጥቂት ዓመታት ልዩነት አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘው ችሎት ቆሙ፤ አንዱ ደኸየ፣ አንዱ ተከፍሎት ከደንበኛው ጋር ሥራውን ቀጠለ። ልዩነቱ ከጠባያቸው ሳይሆን ከደንቡ የመጣ ነው።

በሊንከን ጉዳይ ላይ ግን አንድ የሚቆረቁር ነገር አለ። ዋጋው የተገባ ነው ብለው የመሰከሩት ሁሉ ጠበቆች ናቸው። በእንግሊዝም መርማሪው የፍርድ ቤት ሰው ነው። ሌባን በሌባ ማስጠበቅ አይሆንም ወይ የሚል ሰው ተሳስቷል ማለት አልችልም፤ ሙያ ራሱን ሲዳኝ ለራሱ ማድላቱ የታወቀ ነው። የሥራውን ዓይነት የሚያውቅ ሰው ከሌለበት ደግሞ አንድ መቃወሚያ ለመጻፍ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ማን ይናገራል? የተገኘው መልስ ማደባለቅ ነው። ካሊፎርኒያ በ1978 ባወጣችው ሕግ ደንበኛው በአበል ክርክር ሽምግልና ከጠየቀ ጠበቃው እንቢ ማለት አይችልም፤ በ3 ሰው በሚታዩት ጉዳዮች አንዱ ከሕግ ሙያ ውጭ የሆነ ሰው ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ዲሲም የጠበቆች ማኅበር አባል የሆነ ጠበቃ ደንበኛው ከጠየቀ የአበሉን ክርክር ለማኅበሩ የሽምግልና ቦርድ ለመስጠት እንደተስማማ ይቆጠራል። የስደት ወይም የመኪና አደጋ ጉዳይ ይዞ ጠበቃ ቀጥሮ በሒሳቡ የተጣላ ያገራችን ሰው ይህን በር ሳያውቀው ሲቀር ወይ የተጠየቀውን ሁሉ ይከፍላል፣ ወይ ስልክ ማንሣት ያቆማል፤ ሁለቱም ይጎዱታል።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ ሙግት በዚህች አገር የተከበረ ጥበብ ሆኖ ነው የኖረው። በላ ልበልሃ እያለ ቆሞ የሚሟገተው ሰው፣ በማርና በበቅሎ የሚደረገው ውርርድ፣ የመኳንንቱን ጉዳይ ይዞ ችሎት የሚውለው ነገረ ፈጅ የቀድሞው የፍርድ ሥርዓት የታወቁ ገጽታዎች ናቸው። ያ ዓለም በቃል ላይ የቆመ ነበር፤ ዋስና እማኝ ባሉበት የተነገረ ቃል እንደ ወረቀት ይጸና ነበር። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለውም ያው ሕዝብ ነው። ዘመናዊዎቹ ፍርድ ቤቶች በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ሲደራጁና በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሲወጣ ነገሩ የተጻፈ ደንብ አገኘ። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ናቸው፤ ስለ ወኪል አበል የገባው ክፍል ከእንግሊዝ የክብር ወግ ይልቅ ለኡልፒያን ሐሳብ የቀረበ ሆነ። በአንቀጽ 2219 መሠረት ወኪል በውሉ የተወሰነለትን አበል ያገኛል፤ አበሉ ከመጠን ያለፈና ከሰጠው አገልግሎት ጋር የማይመዛዘን ከሆነ ግን ፍርድ ቤት ሊቀንሰው ይችላል። ውሉ ስለ አበል ዝም ካለ አንቀጽ 2220 ይመጣል፤ ሥራው የሙያው ከሆነ ወይም ልማድ ካለ አበል ይገባዋል፣ ካልተስማሙም ዳኛው በታወቀው ዋጋና በልማዱ ይወስናል። ጠበቃ በደንበኛው ስም ሲሟገት ወኪል ነውና ኬኔዲ በአዲስ አበባ ቢከስ ኖሮ ባዶ እጁን አይመለስም ነበር፤ ፔሸንስ ስዊንፈንም 20,000ውን በሙሉ ክፈይ አትባልም ነበር።

ሕጉ ለዳኛው የመቀነስ ሥልጣን መስጠቱ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ከአገልግሎቱ ጋር ይመዛዘናል ወይ ብሎ ለመጠየቅ አገልግሎቱ ምን እንደነበረ የሚያሳይ ነገር ፊቱ መኖር አለበት። ስንት ቀጠሮ ተቀርቧል፣ የትኛው አቤቱታ ተጽፏል፣ የትኛው ይግባኝ ተዘጋጅቷል፣ ከተቀበለው ገንዘብ ስንቱ ለዳኝነት ወጣ፣ ስንቱ ለትርጉም፣ ስንቱ ለጠበቃው ቀረ? አንድ ገጽ ውል ይዘው፣ ድምር ቁጥር ብቻ ጽፈው፣ ሌላውን በስልክ ንግግር ላይ የተዉ ሁለት ሰዎች ዳኛ ፊት ቢቆሙ ዳኛው እንደ ሮማው ዳኛ በግምት ከመሥራት ሌላ ምርጫ የለውም። እዚህ ላይ የሕጉ አንቀጽ 2213 ተገቢው ቦታ ያልተሰጠው ይመስለኛል። ወካዩ በጠየቀው ጊዜ ሁሉ ወኪሉ ስለ ሥራው ሒሳብ የማቅረብ ግዴታ አለበት ይላል። ደንበኛ ይህን መብት የሚያስታውሰው ከተጣላ በኋላ፣ ያውም ጠበቃውን ለማስፈራራት ሲሆን ብዙ አይጠቅመውም፤ ገና ነገሩ በመካሄድ ላይ እያለ፣ በየተወሰነ ጊዜ፣ በጽሑፍ ሲጠይቅ ግን 2213 እና 2219 አንድ ላይ የ1729ኙን ሕግ ሥራ ሊሠሩለት ይችላሉ። ለጠበቃውም ቢሆን በየወሩ የፈረመበት ዝርዝር በእጁ ካለ ደንበኛው ነገሩን ካሸነፈ በኋላ ምን ሠራህልኝ ሲለው የሚያሳየው አለው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249 የፌዴራል ጠበቆችን በአንድ ማኅበር እንዲሰባሰቡ አድርጓል። እንዲህ ያለ ማኅበር ለአባላቱ አንድ ወጥ የሒሳብ ቅጽ ቢያዘጋጅ፣ በአማርኛና በየክልሉ የሥራ ቋንቋ፣ ደንበኛው ቤቱ ወስዶ ለልጁ አስነብቦ በሚረዳው አጻጻፍ፣ ከዚያም ከሒሳቡ አንድ አምስተኛ የሚያህል ሲቀነስ የምርመራውን ወጪ ጠበቃው እንዲሸፍን ቢደነግግ፣ ብዙው የአበል ክርክር ችሎት ሳይደርስ ያልቅ ነበር።